ከይሉኝታ ወደ ኅሊና፦ ስለ ሰው ተፈጥሮና ስለ ግብረ ገብ መነሻ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር። «ይሉኝታ» የሚለውን ቃል ዘወትር እንናገረዋለን እንጂ አፈጣጠሩን እምብዛም ልብ አንለውም። ቃሉ ከአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተጨምቆ የወጣ ነው፤ ሲዘረዘር «እንዲህ ይሉኛል» ማለት ነው። የግሡ ባለቤት «እነሱ» ናቸው፤ እነማን እንደሆኑ ግን አይነገርም። ተሳቢው «እኔ» ነኝ። ግሡም ከማለት ያለፈ ነገር አይሠራም፤ አይመታም፣ አያስርም፣ ንብረት አይወርስም። ሆኖም ይህ ገና ያልተነገረ ንግግር ሰውን ሊፈጽመው ከተነሣው ጥፋት ይመልሰዋል፤ ሊሰጥ ያላሰበውን ያሰጠዋል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚያምንበትን እውነት ያስውጠዋል።

ከዚህ ቃል ጎን «ኅሊና» የሚል ሌላ ቃል አለን። ይህኛው ከግእዙ «ኀለየ»፣ ማለትም «አሰበ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ ሌላ ሰው የለም፤ ያለው ከራሱ ጋር የሚመክር አንድ ሰው ብቻ ነው። ይሉኝታ ሰው ባለበት ይሠራል፤ ኅሊና ሰው በሌለበትም ይሠራል። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሐሳብ እነዚህ ሁለቱ ባዕዳን አይደሉም የሚል ነው፤ ኅሊና በሰው ልጅ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከይሉኝታ የተወለደ፣ ካደገ በኋላ ግን ወላጁን መቃወም የቻለ ልጅ ነው።

«የሰው ተፈጥሮ መልካም ነው ወይስ ክፉ?» የሚለው ክርክር እጅግ ጥንታዊ ነው። ብዙውን ጊዜ ቶማስ ሆብስና ዣን ዣክ ሩሶ ፊት ለፊት እንዲቆሙ ይደረጋል። ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው መጽሐፉ መንግሥት የሌለበት ኑሮ ሁሉም በሁሉም ላይ የሚነሣበት ጦርነት እንደሆነ ጻፈ፤ ሩሶ በ1755 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ሰው በተፈጥሮው የሌላውን ሥቃይ ማየት የማይወድ ፍጡር እንደሆነና ያበላሸው ኅብረተሰቡ እንደሆነ ተከራከረ። እኔ ግን ከሁለቱ ይልቅ ነገሩን ወደ ፍሬው ያቀረበው፣ ከእነሱ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ በቻይና የኖረው ሜንሺየስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሜንሺየስ አንድ ሕፃን ጉድጓድ ውስጥ ሊወድቅ ሲል በድንገት ያየ ማንኛውም ሰው ልቡ መደንገጡ እንደማይቀር ይናገራል፤ ድንጋጤውም ከልጁ ወላጆች ጋር ለመወዳጀት ወይም በጎረቤትና በወዳጅ ዘንድ ለመመስገን ታስቦ የሚመጣ አለመሆኑን አጥብቆ ያስረዳል። ልብ በሉ፤ ይሉኝታን ገና ከመነሻው ለይቶ አውጥቶታል።

ከእሱ በኋላ የመጣው ሹንዚ በተቃራኒው የሰው ተፈጥሮ ክፉ ነው፤ መልካምነቱም ጎባጣ እንጨት በእንፋሎት ለስልሶና ተጠምዝዞ እንደሚቃና ሁሉ በትምህርትና በሥርዓት የሚመጣ ነው አለ። ሁለቱ ሊቃውንት እርስ በርስ የሚጣሉ ቢመስሉም፣ አንዱ የሚያወራው ስለ መጀመሪያዋ ቅጽበት፣ ሌላው ስለ ተከታዮቹ ዓመታት ነው። ድንጋጤ ገና ሥራ አይደለም። ልቡ የደነገጠ ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ አይሮጥም። ሜንሺየስ ራሱ ይህን ስሜት የጠራው «ቡቃያ» ብሎ ነው፤ ቡቃያ ደግሞ ካልተንከባከቡት ይጠወልጋል። ስለዚህ ጥያቄው «መልካም ወይስ ክፉ» መሆኑ ቀርቶ፣ ቡቃያው ከየት መጣ፣ ወደ ዛፍነት ያደረሰውስ ምንድን ነው የሚል መሆን አለበት።

ይህን ጥያቄ በተፈጥሮ ሳይንስ መንገድ በግልጽ የጠየቀው ቻርለስ ዳርዊን ነው። በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው ሥራ ውስጥ የራሱን ጽንሰ ሐሳብ የሚፈታተን እንቆቅልሽ ራሱ አቀረበ። ወገኑን ከመክዳት ይልቅ መሞትን የሚመርጥ ጀግና ብዙውን ጊዜ ልጅ ሳይተካ ያልፋል፤ ራሱን የሚያስቀድመው ግን ተርፎ ይወልዳል። እንዲህ ከሆነ መልካምነት በየትውልዱ እየተመናመነ ሊጠፋ በተገባው ነበር። አልጠፋም። ለምን?

ከተሰጡት መልሶች የመጀመሪያው ዝምድና ነው። ዊልያም ሃሚልተን በ1964 እንዳሳየው፣ ረጂው የሚከፍለው ዋጋ ተረጂው ከሚያገኘው ጥቅም፣ ማለትም በዝምድናቸው መጠን ከተባዛው ጥቅም፣ ካነሰ፣ የመርዳት ዝንባሌ በትውልድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ምክንያቱም ዘመዴ ያው የእኔን ዘረመል የተሸከመ ነውና። ሁለተኛው መልስ በእኛ ቋንቋ ከአንድ ቃል በላይ አያስፈልገውም፤ ውለታ ነው። ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 እንደጻፈው፣ እንስሳት ደጋግመው የሚገናኙና የሚተዋወቁ ከሆነ ዘመድ ያልሆነውን መርዳት ያዋጣል፤ የተረዳው ነገ ይመልሳልና። ብዙም ሳይቆይ ጀራልድ ዊልኪንሰን በኮስታ ሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎችን ሲያጠና አስደናቂ ነገር አየ። እነዚህ ፍጥረታት ሁለት ሦስት ሌሊት ያለ ምግብ ካለፋቸው ይሞታሉ፤ ጠግባ የተመለሰችው ግን ባዶዋን ለተመለሰችው ከሆዷ ደም እያወጣች ታካፍላታለች። ይህንንም የምታደርገው ለዘመዶቿ ብቻ ሳይሆን አብራቸው ለምትውላቸውና ለምታውቃቸው ጭምር ነው።

ዝምድናና ውለታ ብዙ ያስረዳሉ፤ ሁሉንም ግን አያስረዱም። ሰው ዳግመኛ ለማያገኘው መንገደኛ ይደክማል፤ ባልተበደለበት ነገር ተቆጥቶ ሌላውን የበደለውን ይቀጣል፤ ማንም ባላየው ጥፋት ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል። የሌሊት ወፍ እንቅልፍ በጸጸት እንደሚያጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለንም።

ወደ ቅርብ ዘመዶቻችን እንምጣ። በ1964 ጁልስ ማሰርማንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ፣ ሪሰስ የተባሉ ጦጣዎች ምግብ ለማግኘት ሰንሰለት መሳብን ተማሩ፤ ከዚያ አንደኛው ሰንሰለት ሲሳብ በአጠገብ ያለውን ሌላ ጦጣ ኤሌክትሪክ እንዲይዘው ተደረገ። አብዛኞቹ ያንን ሰንሰለት መሳብ ተዉ፤ አንደኛው እንዲያውም ለ12 ቀን ምንም ሳይስብ በረሃብ ቆየ። በነገራችን ላይ፣ ስለዚህ ሙከራ ባነበብሁ ቁጥር ስለ ጦጣዎቹ ግብረ ገብ ከማሰብ ይልቅ ስለ ሞካሪዎቹ ግብረ ገብ ማሰብ ይቀናኛል። ሳራ ብሮስናንና ፍራንስ ደ ቫል በ2003 ያወጡት ጥናትም ብዙ ተወርቶለታል፤ ካፑቺን ከተባለው የጦጣ ዝርያ የሆነች አንዲት ጦጣ ለሠራችው ሥራ ኪያር ሲሰጣት በደስታ ትቀበል ነበር፤ ጎረቤቷ ለዚያው ሥራ ወይን ስትቀበል ካየች በኋላ ግን ኪያሩን እንቢ አለች፣ አልፎ አልፎም ወረወረችው። ብዙዎች «የፍትሕ ስሜት ተገኘ» ብለው ጻፉ። እኔ እስከዚያ ድረስ መሄድ ያስቸግረኛል። የጦጣዋ ክስ «ለእኔ ለምን አነሰ?» የሚል ነው። ፍትሕ የሚጀምረው ወይን የበላችው «ለእሷ ለምን አነሰ?» ስትል ነው። ከቅሬታ ወደ ፍትሕ የሚደረገው ጉዞ ከጠቅላላው መንገድ የሚከብደው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ሕፃናት የተደረጉት ጥናቶችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በ2007 የታተመና በዓለም ዙሪያ የተጠቀሰ አንድ ሙከራ፣ የስድስትና የዐሥር ወር ሕፃናት ዳገት ለመውጣት የሚታገለውን አሻንጉሊት ከሚያደናቅፈው ይልቅ የሚያግዘውን እንደሚመርጡ ዘገበ፤ በ2024 ግን በብዙ አገሮች የሚገኙ ላቦራቶሪዎች ተባብረው ሙከራውን ሲደግሙት ያ ምርጫ አልታየም። ስለዚህ «ሕፃን ሲወለድ ዳኛ ሆኖ ይወለዳል» የሚለውን ጣፋጭ አባባል ለጊዜው ብንተወው ይሻላል። በተሻለ መሠረት ላይ የቆመው ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ በ2006 ያሳዩት ነው፤ የዐሥራ ስምንት ወር ሕፃናት የማያውቁት ትልቅ ሰው ዕቃ ወድቆበት መድረስ ሲያቅተው ሳይጠየቁና ሳይሸለሙ አንሥተው ያቀብሉታል። ቡቃያው አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ይሉኝታ ልመለስ፤ የንግግሬ እምብርት እዚህ ነውና። የሰው ልጅ ጡት ከተወ በኋላም ለብዙ ዓመታት ራሱን መመገብ የማይችል ፍጡር ነው፤ አንዲት እናት ብቻዋን ልታሳድገው አትችልም። ትልልቅ አውሬ ማደንም ብቻውን ለሚወጣ ሰው አይሆንም። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የሰው ዕድል የሚወሰነው በጉልበቱ ሳይሆን ሌሎች አብረውት ለመሥራት በመፍቀዳቸው ነው፤ ለመፍቀዳቸው ደግሞ ወሳኙ ስሙ ነው። ስሙ የጠፋ ሰው ብቻውን ይቀራል፤ በዚያ ዘመን ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ አይሰነብትም። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ከቺምፓንዚ ጋር አነጻጽሮ ፈትኖታል። የአምስት ዓመት ልጆች ሌላ ልጅ እያያቸው ሲሆን መስረቅን ይቀንሳሉ፤ መርዳትን ይጨምራሉ፤ ቺምፓንዚዎች ግን የሌላ ቺምፓንዚ መኖርና አለመኖር በዚህ ረገድ ጠባያቸውን አልለወጠውም። ቺምፓንዚ ጉልበተኛን ይፈራል። «ምን ይሉኛል» ብሎ ግን አይጨነቅም።

ሰውነታችን ራሱ ለመታየት የተሠራ ይመስላል። በአብዛኞቹ ቺምፓንዚዎች ዓይን ውስጥ ብሌኑን የከበበው ክፍል ጠቆር ያለ ሲሆን የእኛ ግን ነጭ ነው፤ ስለዚህ ወዴት እንደምንመለከት ሌላው በቀላሉ ያውቃል። ዳርዊን ደግሞ በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ በጻፈው መጽሐፍ በእፍረት መቅላትን ከመግለጫዎች ሁሉ የሰው ብቻ የሆነው አድርጎ ቆጥሮታል። ቅሌት ሲያጋጥም ፊት የሚለዋወጠው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ነው፤ ማንም ፊቱን አዝዞ ሊያቀላ፣ አዝዞም ሊያስቆም አይችልም። ለአጥፊው ጎጂ የሚመስለው ይህ ምልክት ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚያፍር ሰው ሕጉን እንደሚያውቅና እንደሚቀበል ያለ ቃል ይመሰክራል፤ ስለዚህም ይማርና አብሮ ይቆያል። የማያፍር ሰው ነው የሚያስፈራው። «ዓይነ ደረቅ» የሚለው ስድብ ከሌባነትም በላይ የሚያሳምመው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንትሮፖሎጂስቱ ክሪስቶፈር ቦም በ1999 ባሳተመው ሥራ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ብዙ ማኅበረሰቦችን መርምሮ፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ብዙዎቹ ተባብረው ሊገዛቸው የሚነሣውን አንዱን እንደሚያዋርዱ አስረዳ። መሣሪያዎቻቸው ሐሜት፣ ፌዝ፣ ማግለል፣ ሁሉም ሲያልቅ ደግሞ ማባረር ወይም መግደል ናቸው። በካላሃሪ በረሃ ከኩንግ ሕዝቦች ጋር የኖረው ሪቻርድ ሊ፣ ትልቅ አውሬ የገደለ አዳኝ ሙገሳ ሳይሆን ፌዝ እንደሚጠብቀው መዝግቧል፤ ሥጋው ከሲታ ነው፣ ለመሸከምም አያበቃም ይሉታል። ምክንያቱን ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ፣ ብዙ የገደለ ወጣት ራሱን አለቃ አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ ኩራቱም አንድ ቀን ሰው ያስገድለዋል፤ ስለዚህ ልቡን እናቀዘቅዝለታለን የሚል ነበር።

እስቲ በእንዲህ ዓይነት ሰፈር ለብዙ ሺህ ትውልዶች መኖርን አስቡ። አጥፍቶ፣ ተይዞ፣ ተቀጥቶ የሚማር ሰው ዘግይቷል። የሚያዋጣው የሌሎቹን ፍርድ ቀድሞ መስማት፣ ማለትም ሸንጎውን በራስ ጭንቅላት ውስጥ መሰየም ነው። በዚህ መንገድ የውጭው ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል። አዳም ስሚዝ ይህን የተረዳው ከዳርዊን በፊት፣ በ1759 ነው። ብዙዎች የሚያውቁት በገበያና በሀብት ጽሑፉ ቢሆንም፣ በዚያ ዓመት ስለ ግብረ ገብ ስሜቶች ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ሥራውን የሚመዝነው በውስጡ ባቆመው አድሎ የለሽ ተመልካች ዓይን እንደሆነ ጻፈ። ከዚያም አልፎ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠውን ልዩነት አስቀመጠ፤ ሰው መመስገንን ብቻ ሳይሆን ለምስጋና የተገባ መሆንንም ይሻል። መመስገንን የሚሻ ሰው በሐሰት ምስጋና ይረካል፤ ለምስጋና የተገባ መሆንን የሚሻ ሰው ግን ሐሰተኛ ምስጋና ሲደርሰው ያፍራል። ያልሠራሁትን ሠራ ብለው ሲያመሰግኑኝ የምሸማቀቅ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት ይሉኝታ አልነካኝም፤ «እነሱ» እኮ መልካም ነው ያሉኝ።

የጥንቱ ግሪክ ፈላስፋ ፕላቶን፣ የሚያደርጋትን ሰው የምትሰውር ቀለበት ስላገኘ ጋይጅስ ስለተባለ እረኛ ይተርካል። በጽሑፉ ውስጥ ግላውኮን፣ እንዲህ ያለ ቀለበት ቢገኝ ጻድቁም ኃጥኡም አንድ ዓይነት ሥራ በሠሩ ነበር ብሎ ይሟገታል፤ ከይሉኝታ በቀር ሌላ ነገር የለም ማለቱ ነው። ዛሬ የዚያ ቀለበት ደካማ ምሳሌ በየላቦራቶሪው አለ። አንድ ሰው ገንዘብ ይሰጠውና ከማያውቀው ሰው ጋር እንደ ፈቃዱ እንዲካፈል፣ ምንም ባይሰጥም ማንም እንደማይጠይቀው ይነገረዋል። ሞካሪው እንኳ ማን ምን እንደሰጠ እንዳያውቅ ሲደረግ የሚሰጡት ሰዎችና የሚሰጡት መጠን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ፈጽመው አይጠፉም። የቀነሰው የይሉኝታ ድርሻ ነው፤ የቀረውን ምን ብለን እንጥራው?

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። ግብረ ገብ እንዲህ ባለ ምድራዊ መንገድ የመጣ ከሆነ ማታለያ ብቻ ሆነ ማለት አይደለምን? አይደለም። የመቁጠር ችሎታችንም ከእንስሳት ኑሮ የመጣ ነው፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆናቸውን ግን ይህ አላናጋውም። ዴቪድ ሂዩም በ1739 እና በ1740 በወጣው ሥራው «እንዲህ ነው» ከሚል ዐረፍተ ነገር «እንዲህ ሊሆን ይገባል» ወደሚል መዝለል እንደማይቻል አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው በሁለቱም ወገን ይሠራል። ጭካኔ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ትክክል አይሆንም፤ ርኅራኄም ከተፈጥሮ ስለመጣ ከንቱ አይሆንም። ሕጉ በሰው ልብ ላይ የተጻፈው በፈጣሪ እጅ ነው ብሎ የሚያምን አድማጭ ካለም፣ እስካሁን ያልሁት ስለ ብዕሩ እንጂ ስለ ጸሐፊው አይደለም።

ይልቅስ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በወገን ዓይን ሥር ያደገ ግብረ ገብ ድንበሩ የወገን ድንበር ይሆናል። ሄንሪ ታጅፈል በ1970 ባሳተመው ጥናት የተማሪ ልጆችን በማይረባ ምክንያት፣ ለምሳሌ በሥዕል ምርጫቸው፣ በሁለት ከፈላቸው፤ ልጆቹ የቡድን ጓዶቻቸው እነማን እንደሆኑ እንኳ ሳያውቁ ለራሳቸው ወገን ማዳላት ጀመሩ። ዳርዊንም እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ሰዎች የበዙበት ጎሣ ሌላውን ድል እንደሚያደርግ ጽፏል፤ ከዚህ የሚከተለው ደስ አይልም። ርኅራኄያችንና ጦርነታችን በአንድ ማሕፀን ውስጥ ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሉኝታ በሚገድለው ወገን ተሰልፎ ሲገኝም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጓዶቹ ሲገድሉ እጁን የሰበሰበ ሰው «ፈሪ፣ ከሃዲ» ይባላልና።

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም ሚ ላይ በተባለ ሥፍራ ያልታጠቁ መንደርተኞችን ፈጁ፤ በዚያ የቆመው መታሰቢያ የ504 ሰዎች ስም ይዟል። ሂዩ ቶምፕሰን የተባለ የ24 ዓመት የሔሊኮፕተር አብራሪ ከሰማይ ሆኖ ይህን አየ። ሔሊኮፕተሩን በሚሸሹት መንደርተኞችና በሚያሳድዷቸው የገዛ ሠራዊቱ ወታደሮች መካከል አሳረፈ፤ አብረውት ለነበሩት ለሎረንስ ኮልበርንና ለግሌን አንድሪዮታም፣ ወታደሮቹ በሕዝቡ ላይ ከተኮሱ በወታደሮቹ ላይ እንዲተኩሱ ነገራቸው። ከዚያ ሰዎቹን አስወጣ። በኋላ ሲመሰክር የይሉኝታ ፍርድ በሙሉ ኃይሉ ወረደበት፤ የዛቻ ስልክ ተደወለለት፣ የሞተ እንስሳ ደጃፉ ላይ ተጣለበት። የሠራው ሥራ በእውነተኛ መልኩ ታውቆለት ሜዳልያ የተሰጠው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። በዚያች ማለዳ በአካባቢው የነበሩት ዓይኖች ሁሉ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ እሱ ሌላ ነገር ሰማ።

በዚያው በ1998 ቶምፕሰንና ኮልበርን ወደ መንደሩ ተመልሰው ከተረፉት ጋር ተገናኙ። ቶምፕሰን ኋላ እንደተናገረው፣ ከሴቶቹ አንዷ ያንን ሥራ የሠሩት ሰዎች ለምን አብረዋቸው እንዳልመጡ ጠየቀችው። ጥያቄው የበቀል መስሎት ክው አለ። እሷ ግን ንግግሯን አልጨረሰችም ነበር፤ ቢመጡ ይቅር እንድንላቸው ነው አለች። ቶምፕሰን ራሱ እሷ ያለችውን ለማድረግ አቅም እንደሌለው ተናግሯል።